ዝገት የበላውን ተሽከርካሪ ማንሣትና መደገፍ፦ የቮልስዋገን ቢትል የሥር ጥገና እንደ ማሳያ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የተሽከርካሪን የታችኛውን አካል ለመጠገን ተሽከርካሪውን ማንሣትና በመደገፊያ ላይ ማሳረፍ ግድ ነው። አምራቾች የሚያመለክቷቸው የማንሻ ነጥቦች ግን ላሜራው ጤነኛ ነው በሚል ግምት የተመረጡ ናቸው። ጥገናውን አስፈላጊ ያደረገው ዝገት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው እነዚያኑ ነጥቦች ነው። ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ በተለምዶ «ቮልስ» የሚባለውን ቮልስዋገን ቢትል እንደ ማሳያ በመውሰድ ዝገት የብረትን አቅም እንዴት እንደሚቀንስ፣ የክብደቱ መንገድ እንዴት እንደሚመረመርና ማንሣት፣ መደገፍ እንዲሁም መቁረጥ በምን ቅደም ተከተል መከናወን እንዳለባቸው ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ በዛገ ተሽከርካሪ ላይ የድጋፍ ነጥብ ከመመሪያ መጽሐፍ የሚነበብ ሳይሆን በምርመራ የሚረጋገጥ ነው የሚል ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ዝገት፣ ክሪክ፣ የድጋፍ ነጥብ፣ ላሜራ፣ የሥራ ላይ ደኅንነት

1. መግቢያ

በመኪና ሥር ተኝቶ የሚሠራ መካኒክ ሕይወቱን ለሁለት ነገሮች አደራ ይሰጣል፤ ከመሬት ለቆመው መደገፊያና መደገፊያው ለሚነካው ብረት። ስለ መጀመሪያው በየጋራዡ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። «በክሪክ ብቻ አትግባ» የሚለው ምክር ለማንኛውም ለማጅ ከሚነገሩት ቀዳሚው ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጥሩ መደገፊያ በበሰበሰ ላሜራ ሥር ሲቆም መደገፊያው ባለበት ይቀራል፤ ላሜራው ግን ተበስቶ መኪናው በላዩ ይወርዳል።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ልዩ ትኩረት የሚሻበት ምክንያት አለ። ያረጀ መኪና እዚህ በቀላሉ ከመንገድ አይወጣም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖ ማቆየት ተጨማሪ ምክንያት አግኝቷል። የአካል ጥገና በአብዛኛው የሚከናወነው የኤሌክትሪክ ማንሻ በሌላቸው አነስተኛ ጋራዦች፣ በክሪክ፣ በጣውላና በድንጋይ ነው። በመሆኑም ከዚህ በታች የሚቀርበው ማብራሪያ በእነዚሁ መሣሪያዎች ሊተገበር የሚችል ነው።

ቮልስ ለማሳያነት የተመረጠው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ በመሆኑ አሠራሩ በሰፊው የታወቀ ነው። ሁለተኛ፣ በአዲስ አበባ የሚታዩት ብዙዎቹ የግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ሦስተኛ፣ ዝገቱ የሚጀምርባቸው ቦታዎችና የፋብሪካው የማንሻ ነጥቦች እጅግ ተቀራራቢ ናቸው።

2. ዝገት የሚቀንሰው ምንድን ነው?

የዛገ ላሜራ ሲታይ ዐይን የሚገምተው ከውፍረቱ የቀነሰውን ብቻ ነው። አቅሙ ግን ከውፍረቱ ጋር በእኩል መጠን አይቀንስም። አንድ ላሜራ በሁለት ጫፍ ቢጎተት የሚሸከመው ኃይል ከውፍረቱ ጋር ቀጥተኛ ዝምድና አለው፤ ውፍረቱ በአንድ ሦስተኛ ቢቀንስ አቅሙም በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። ክሪክ ከሥር ሲገፋው ወይም የሳጥን ግድግዳ ሆኖ ሲታመቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለመለመጥ የሚያሳየው ግትርነትም ሆነ ግድግዳው ሳይጨማደድ የሚሸከመው ኃይል ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር የተያያዘ ነው።

አንድ ምሳሌ ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል። 1.2 ሚሊሜትር የነበረ ላሜራ በዝገት ወደ 0.8 ሚሊሜትር ቢወርድ የመጎተት አቅሙ ወደ 67 በመቶ ይወርዳል። ሳይጨማደድ እምቃትን የመሸከም አቅሙ ግን ወደ 30 በመቶ ያህል ያሽቆለቁላል። ወደ 0.6 ሚሊሜትር ሲደርስ የመጀመሪያው 50 በመቶ ሲሆን ሁለተኛው 12.5 በመቶ ብቻ ነው። ስሌቱ ዝገቱ በእኩል የተሰራጨ ነው ብሎ ይነሣል። በእውነቱ ዝገት በየቦታው እየቆፈረ የሚሄድ በመሆኑ ትክክለኛው አቅም ከዚህም ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ አደጋውን ይሸሽጉታል። ዝገት ከተበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ የተበላ ላሜራ ሲታይ የሳሳ ሳይሆን የወፈረ ሊመስል ይችላል። በተጨማሪም ሳጥን መሰል ምሰሶዎች የሚዝጉት ብዙ ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ውጫዊው ቀለም ሲያብጥ ግድግዳው ከሞላ ጎደል አልቋል ማለት ነው። ቀጭን ግድግዳ ሲጨማደድም ቀስ በቀስ ሳይሆን በድንገት ነው።

3. የቮልስ ወለልና ዝገት የሚጀምርባቸው ቦታዎች

የቮልስ የታችኛው አካል መሃሉን ይዞ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ቱቦ መሰል አከርካሪና በግራና በቀኙ የተበየዱ ሁለት የወለል ላሜራዎች አሉት። አከርካሪው ከፊት በሰፊ ራስ ይጨርሳል። በዚህ ራስ ላይ ሁለት ተደራራቢ ቱቦዎች ያሉት የፊት አክስል በቡሎን ይታሰራል። ከኋላ ደግሞ የጥምዘት ዘንጎችን የያዘ ወፍራም መስቀለኛ ቱቦ አከርካሪውን ያቋርጣል። የላይኛው አካል በወለሉ ዙሪያ በቡሎኖች ይታሰራል። ከበሮቹ ሥር የሚሄዱት ሳጥን መሰል ምሰሶዎች የመኪናውን ጎን ያጠነክራሉ፤ በዚያው የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያደርሱ ቦዮች ናቸው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ዝገት የሚመርጣቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ ከእሱ የሚፈሰው አሲድ የቀኙን ወለል የኋላ ክፍል ቀድሞ ይበላል። የሙቀት ቦዮቹ ከውስጥ እርጥበት፣ ከውጭ ደግሞ ጎማ የሚረጨው ጭቃ ያገኛቸዋል። በክረምት ዝናብ በጎማ ሥር የተጠቀጠቀ ጭቃ ለሳምንታት ሳይደርቅ ስለሚቆይ አዲስ አበባን በመሰለ የመንገድ ጨው በማይነሰነስበት ከተማ እንኳ ዝገቱ አይቀርም። ፋብሪካው ለመኪናው ክሪክ ያዘጋጀው መሰኪያ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ሲሆን የሚገኘው በዚሁ የወለልና የቦይ መጋጠሚያ አካባቢ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ትክክለኛ የነበረው ነጥብ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የመኪናው ደካማ ነጥብ ይሆናል።

በአንጻሩ የፊት አክስል ቱቦዎችና የኋላው መስቀለኛ ቱቦ ከወለሉ ላሜራ በብዙ የወፈሩ ናቸው፤ የመኪናው ክብደት በሙሉ በመንገድ ላይ ሲሄድም በእነሱ በኩል ያልፋል። ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ ወደ 800 ኪሎግራም ከሚጠጋው አጠቃላይ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚያርፈው በኋላው በኩል ነው። ስለዚህ ለዛገ ቮልስ ድጋፍ የሚፈለገው በጎን ሳይሆን በእነዚህ ሁለት ጫፎች ነው።

4. ከማንሣት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ሳለ መጠናቀቅ አለበት። ብረቱን ለመመርመር መኪናውን አንሥቶ ከሥሩ መግባት ጥያቄውን ሳይመልሱ በመልሱ ላይ መተማመን ነው። ቮልስ ለዚህ ምቹ ነው። መቀመጫዎቹ፣ ምንጣፉና ባትሪው ሲወጡ የወለሉ አብዛኛው ክፍል ከላይ ይታያል። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ደግሞ መኪናው ሳይነሣ ከሥር ማየት ያስችላል።

ምርመራው ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። በመጀመሪያ ጭቃውና የላላው ዝገት ይጠረጋል። ዝገትን ለመከላከል ወይም ለመሸፈን የተቀባ ሬንጅ ካለ ቢያንስ በታሰቡት የድጋፍ ነጥቦች ላይ መፋቅ ይኖርበታል። ቀጥሎ ብረቱ በትንሽ መዶሻ ይመታል። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላ ወይም ተነባብሮ የተላጠ ብረት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያም በካቻቢቴ ጫፍ ጠበቅ ተደርጎ ይወጋል፤ የሚሰረጉድ ወይም የሚበሳ ቦታ ከድጋፍ ነጥብነት ይሰረዛል። ማግኔት የማይዝበት ቦታ በስቱኮ የተሞላ ቀዳዳ መሆኑን ያሳያል። በአልትራሳውንድ የሚሠራ የውፍረት መለኪያ ካለ በተፋቀ ንጹሕ ገጽ ላይ ከአንድ ጎን ብቻ ውፍረቱን ያነባል፤ ለተቋማትና ለማሠልጠኛ ጋራዦች ጠቃሚ መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መጠቀስ አለበት። መደገፊያው የሚነካው ቱቦ ጤነኛ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ክብደቱ ከአካሉ ተነሥቶ መሬት እስኪደርስ የሚያልፍበት መንገድ በሙሉ መጤን አለበት። የፊት አክስሉ ቱቦ ጤነኛ ቢሆንም የሚታሰርበት የአከርካሪው ራስ ከበሰበሰ አክስሉ በመደገፊያው ላይ ይቀራል፤ አካሉ ግን ይወርዳል። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጡት 1302 እና በተከታያቸው 1303 ሞዴሎች ደግሞ ድርብ ቱቦ ያለው የፊት አክስል ስለሌለ የድጋፉ ቦታ እንደገና መመረጥ አለበት። «ቮልስ ሁሉ አንድ ነው» የሚለው ልማድ እዚህ አይሠራም።

5. ማንሣት

የማንሻው ወለል ደረቅ፣ ጠንካራና አግድም መሆን አለበት። አፈር ከሆነ ከክሪኩና ከመደገፊያዎቹ ሥር ሰፊ ወፍራም ጣውላ ወይም የብረት ሰሌዳ ይነጠፋል።

ጎማዎችን በታኮ ማስያዝ በቮልስ ላይ ልዩ ትርጉም አለው። የእጅ ፍሬኑም ሆነ ማርሹ የሚይዙት የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። የኋላው ክፍል ከመሬት ሲነሣ ሁለቱም ጥቅም አይኖራቸውም፤ መኪናው የሚቆመው በነጻነት በሚሽከረከሩ የፊት ጎማዎች ላይ ይሆናል። ስለዚህ የኋላው ከመነሣቱ በፊት ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ መያዝ አለባቸው። ታኮው ተንከባላይ ድንጋይ ሳይሆን ሹል ጫፉ ወደ ጎማው የገባ ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት ቢሆን ይመረጣል።

ክሪኩ የሚነካው ስፋት ቀጣዩ ጉዳይ ነው። የአንድ ጠርሙስ ክሪክ ራስ ዲያሜትሩ 3 ሳንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ ወደ 7 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል። የመኪናው አንድ ጎን በአንድ ነጥብ ሲነሣ እስከ 400 ኪሎግራም በዚያ ነጥብ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ይህም በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር 57 ኪሎግራም ገደማ ነው። ያው ክብደት 10 በ20 ሳንቲሜትር በሆነ፣ ከሥሩ የብረት ሰሌዳ ባለው ወፍራም ጣውላ በኩል ሲተላለፍ በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር 2 ኪሎግራም ብቻ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ጣውላው የሚፈታው የመበሳትን ችግር ብቻ ነው። ክብደትን ማሰራጨት በጠቅላላው የተዳከመን ምሰሶ አያጠነክርም። በምርመራ የወደቀ የሙቀት ቦይ ጣውላ ተደርጎበትም መነሻ ሊሆን አይችልም።

የሞተሩ ሥርም መነሻ አይደለም። የቮልስ የሞተር አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ሲሆን ከሥሩ ያለው የዘይት ማጣሪያ ክዳንም ለዚህ ጭነት አልታሰበም። ኋላው በመስቀለኛው ቱቦ፣ ፊቱ በአክስሉ ቱቦ ይነሣል።

መኪናው ሲነሣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይሄድም፤ በመሬት ላይ በቀሩት ጎማዎች ዙሪያ ቅስት እየሠራ ይወጣል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2.4 ሜትር በሆነው ቮልስ ኋላው በ40 ሳንቲሜትር ሲነሣ የማንሻው ነጥብ ወደ 3 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ባለ መንኮራኩር ክሪክ ይህን ተከትሎ በነጻነት መንቀሳቀስ አለበት። መንኮራኩሩ በጠጠር ከታገደ፣ ወይም ክሪኩ ቋሚ ዓይነት ከሆነ፣ እየዘመመ ሄዶ ሊንሸራተት ይችላል። በዚህ ምክንያት በጥቂት በጥቂቱ፣ ፊትና ኋላውን እያፈራረቁ ማንሣት ይመከራል።

6. መደገፍ

ክሪክ የማንሻ እንጂ የማቆያ መሣሪያ አይደለም። በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ ክሪክ ክብደቱን የያዘው በታመቀ ዘይትና ያንን ዘይት በሚያግድ ስስ ጎማ ነው። ጎማው ሲያረጅ ወይም መክፈቻው በስሕተት ሲነካ ክብደቱን የሚይዝ ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ መኪናው የተፈለገው ከፍታ ላይ እንደደረሰ አራት የብረት መደገፊያዎች፣ ሁለቱ ከፊት አክስል ቱቦ፣ ሁለቱ ከኋላው መስቀለኛ ቱቦ ጫፎች ሥር ይቆማሉ። ራሳቸው ጎድጎድ ያለ ቢሆን ቱቦውን አቅፎ እንዳይንሸራተት ይረዳል። በመደገፊያ ላይ የተጻፈው አቅም የአንዱ ነው ወይስ የጥንዱ የሚለውም መረጋገጥ አለበት።

በብዙ ቦታ ከመደገፊያ ይልቅ ብሎኬት ሲደረደር ይታያል። ብሎኬት ግድግዳ ሲሆን ክብደቱ በሙሉ ገጹ ላይ ስለሚሰራጭ ይሸከማል። በመኪና ሥር ግን ጭነቱ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ውስጡ ባዶ የሆነው ኮንክሪት ደግሞ ተሰባሪ በመሆኑ ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈርሳል። የብረት መደገፊያ ከሌለ የተሻለው ምትክ እርስ በርሱ እየተሻገረ በመስቀለኛ የተከመረ ወፍራም ጤነኛ እንጨት ነው። እንጨት ከመሰበሩ በፊት ይጨመቃል፣ ይንቋቋል፤ ለሰው የማምለጫ ጊዜ ይሰጣል። ክምሩ ከቁመቱ ይልቅ መሠረቱ መስፋት ይኖርበታል።

መኪናው በመደገፊያዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ማንም ሳይገባ ከጎን በእጅ ይነቀነቃል። የሚንሸራተት ወይም የሚንቋቋ ነገር ካለ አሁን መታወቁ ይሻላል። የወለቁት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው በሥራው ቦታ አጠገብ በመኪናው ሥር ይጋደማሉ። መደገፊያ ቢከዳ መኪናው ሙሉ በሙሉ እንዳይወርድ ክፍተት ያስቀራሉ። ከፍታውም ለሥራው ከሚያስፈልገው መብለጥ የለበትም፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የስበት ማዕከሉ ስለሚወጣ መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል።

7. መቁረጥ የክብደቱን መንገድ ሲለውጥ

እስካሁን የተገለጸው መኪናው እንዳለ ሆኖ ነው። የሥር ጥገና ግን ላሜራ መቁረጥን ይጠይቃል፤ የተቆረጠው ላሜራ ደካማም ቢሆን የተወሰነ ክብደት ይሸከም ነበር። ጠዋት የጸና ድጋፍ ከሰዓት በኋላ ላይጸና የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንን ለመከታተል ቀላሉ መለኪያ የበር ክፍተት ነው። ከማንሣት በፊት፣ ከተደገፈ በኋላና ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ በበሩና በዙሪያው መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። ከላይ በኩል ከጠበበ የመኪናው መሃል ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ከላይ በኩል ከሰፋ ጫፎቹ እየወረዱ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ቆረጣው ቆሞ ድጋፉ መስተካከል አለበት። ለውጡ ከታየ በኋላ የሚበየድ አዲስ ወለል የተጣመመውን አካል እንደተጣመመ ያጸናዋል፤ በሩም ዳግም በወጉ አይዘጋም። ለመከላከያው በበሩ ክፍት ቦታ የብረት ቱቦ በአግድምና በሰያፍ ተበይዶ አካሉ እንዲታሰር ይደረጋል። የግራና የቀኝ ወለሎች በአንድ ጊዜ አይቆረጡም፤ አንዱ ጎን ተበይዶ ካለቀ በኋላ ወደ ሌላው ይታለፋል። ባትላሜራዎች በልምድ የሚያውቁት ይህ ቅደም ተከተል ከደኅንነት ሕጉ ጋር አንድ ነው፤ ቅርጹን የሚጠብቀው አሠራር ሰውንም ይጠብቃል።

እሳትም አብሮ ይታሰብ። የቮልስ የነዳጅ ታንክ ከፊት ለፊት ሲሆን የነዳጁ ቱቦ ወደ ኋላ የሚሄደው በአከርካሪው ውስጥ ነው። ስለዚህ በአከርካሪው አጠገብ መቁረጥ ወይም መበየድ ከነዳጅ ጋር ጉርብትና ነው። ታንኩና ቱቦው አስቀድመው ይወጣሉ፤ ባትሪውም ይወገዳል። በላሜራው ላይ የቀረ ሬንጅ ስለሚቀጣጠል በብየዳው ዙሪያ ይፋቃል። በመኪና ሥር የተኛ ሰው እሳት ሲነሣ ፈጥኖ መውጣት አይችልምና የእሳት ማጥፊያ የያዘ ሁለተኛ ሰው በአጠገቡ መቆም አለበት።

8. ማጠቃለያ

ምርመራው የፊትና የኋላ ቱቦዎች፣ የአከርካሪው ራስና አከርካሪው ራሱ መበስበሳቸውን ካሳየ መልሱ ተጨማሪ መደገፊያ አይደለም። እንዲህ ያለ መኪና በሥሩ ሰው ሊገባበት አይገባም። የቮልስ አካል ከወለሉ ጋር በቡሎን የታሰረ በመሆኑ ሌላ አማራጭ ይሰጣል። አካሉ ከውስጥ በቱቦ ታስሮ ቡሎኖቹ ሲፈቱ ከወለሉ ተነሥቶ በጠንካራ አልጋ ላይ ይቀመጣል፤ ሞተሩና አክስሎቹ የወረዱለት ወለል ደግሞ ተገልብጦ ከላይ ይበየዳል። ሥራው ቀናት ይጨምራል፤ ሰው ግን በተንጠለጠለ ክብደት ሥር አይገባም።

ሌሎች ተሽከርካሪዎች እንደ ቮልስ አይፈቱም፤ ጥያቄው ግን በሁሉም ላይ አንድ ነው። ክብደቱ ከአካሉ ተነሥቶ መሬት እስኪደርስ የሚያልፍበት ብረት ሁሉ ተፍቆ ታይቷልን? ተመትቶ ተሰምቷልን? ዛሬ የሚቆረጠው ላሜራ ከዚህ መንገድ ውጭ ነውን? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ «አይደለም» ወይም «አይታወቅም» ከሆነ መኪናው በጎማው እንደቆመ ይቆያል። በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የክሪክ አጠቃቀም ትምህርት ከዚህ ምርመራ ጋር ተጣምሮ ቢሰጥ፣ የቀረ የላሜራ ውፍረትን ከተሸካሚነት አቅም ጋር የሚያዛምዱ የሙከራ ልኬቶችም በአገር ውስጥ በብዛት በሚገኙ ተሽከርካሪዎች ላይ ቢሠሩ፣ ዛሬ በልምድ ብቻ የሚወሰነው ውሳኔ በቁጥር የሚደገፍ ይሆናል።